እንግዳይቱ ዶሮ በዳሞት ቤት

የጎጃምን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ያነሡ ሊቃውንት የነገሥታቱን ዙፋን፣ የመሳፍንቱን ጦርነት፣ የገዳማቱን ምሥረታና የቅኔ ቤቱን ክብር በሰፊው ተርከዋል፤ በየጎጆው ጣሪያ ሥር፣ በምድጃና በጓዳ መካከል ሲፈጸም ስለኖረው ነገር ግን እምብዛም አልጻፉም፤ ያ ታሪክ የእናቶችና የሕፃናት ታሪክ በመሆኑ፣ እነርሱም የሚያውቁትን በእጃቸው ሠርተው ለልጆቻቸው ከማሳየት በቀር በብራና የማስፈር ልማድ ስላልነበራቸው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገረው በቃልና በዓይን ብቻ ነው። ዛሬ ልጽፍለት የተነሣሁት ጉዳይ ከዚህ ካልተጻፈው ታሪክ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ እርሱም ከገበያ ተገዝታ ወይም ከዘመድ ተሰጥታ ወደማታውቀው ቤት የገባች፣ የሰውን ኮቴ የምትሸሽ፣ እጅ ሲዘረጋላት በመንቁሯ የምትወጋ አንዲት እንግዳ ዶሮ የቤት ልጅ እስክትሆን ድረስ የዳሞት እናቶች የሄዱበት የትዕግሥት መንገድ ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ጥቂት መስሎ ይታየው ይሆናል፤ እኔ ግን የአንድ አገር ሕዝብ ጠባይ በአደባባይ ከሚናገረው ይልቅ ከእርሱ ለሚያንስ ፍጥረት በሚያሳየው አያያዝ ይታወቃል ብዬ ስለማምን፣ ጉዳዩን እንደ ትልቅ ጉዳይ አድርጌ እይዘዋለሁ።

አስቀድሞ ዳሞት የምለውን ስፍራ መግለጥ ይገባል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው ጎዳና፣ አረጋውያን ወጀት በሚለው በቀድሞ ስሟ የሚያስታውሷትን ፍኖተ ሰላምን አግኝቶ፣ ከዚያ አልፎ ቡሬን ይደርሳል፤ ቡሬም ወደ ወለጋ የሚወርደው መንገድ ከዚህ ጎዳና የሚገነጠልባት፣ ዓባይን ተሻግሮ ለሚሄደውና ለሚመጣው ነጋዴ እንደ በር ሆና የኖረች ከተማ ናት። ምድሩ ጤፍና ዳጉሳ፣ በቆሎና ስንዴ አብቃይ ነው፤ የቡሬ በርበሬም ስሙ ከጎጃም አልፎ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው። እህል በተረፈበት አገር ደግሞ ከአውድማው የሚንጠባጠበውን፣ ከወፍጮው የሚበተነውንና ከሰፌዱ የሚወድቀውን ግርድ የምትለቅም ዶሮ አትጠፋም። ከመሬትና ከከብት በተለየ፣ ዶሮ የእመቤቲቱ ሀብት ነበረች፤ እንቁላሏን ሸጣ ጨውና ቅባት የምትገዛው፣ ለልጆቿ ልብስ የምታስበው፣ ባሏን ሳታስቸግር ለክርስትናና ለተዝካር የምትዘጋጀው በዚህችው ሀብት ነበርና።

ይህ አገር ብዙ ጦር ያለፈበት አገር ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ጥር 12 ቀን ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ የኢጣልያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ሠራዊት ተጨንቆ ቡሬን የለቀቀው በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን ነበር። ይህ በታሪክ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ጦር ባለፈበት አገር ግን ከጎተራው እኩል የሚያልቀው ዶሮ እንደ ሆነ፣ ቀድሞም በባላገር ቤት ተሠሪ የሚሆነው ወታደር መጀመሪያ የሚጠይቀው ዶሮ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ሰላም በተመለሰ ቁጥር በየቤቱ ቆጡ ባዶ ሆኖ እናቶች ከሩቅ ገበያ እንግዳ ዶሮ እያመጡ እንደ አዲስ ማላመድ እንደ ነበረባቸው ለመገመት አይቸግረውም።

ዶሮ በኢትዮጵያ ምድር ጥንታዊት ናት። በትግራይ ከዓዲግራት ብዙም በማይርቀው መዝብር በተባለው ከአክሱም ዘመን በሚቀድም የመኖሪያ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው የዶሮ አጥንት ተመርምሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛውና በ6ኛው ምዕት ዓመት መካከል የነበረ መሆኑ ታውቋል፤ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶችም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የዶሮ የዱር አባት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀዩ የጫካ ዶሮ መሆኑ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ይህ ወፍ የሰው ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ በቁጥቋጦ ውስጥ የሚሰወር፣ ሌሊቱን ከአውሬ ለመዳን ከዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያድር፣ እጅግ ፈሪ ፍጥረት ነው። ባሕር ተሻግራ፣ ተራራ ወጥታ፣ ከጎጃም ጎጆ የደረሰችው ዶሮ ይህን ፍርሃት ከደሟ አላወጣችውም፤ ሲመሽ ከመሬት ከፍ ካለ ነገር ላይ ካልወጣች እንቅልፍ የማይወስዳትም ስለዚህ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን የአገር ዶሮ የመረመሩ ባለሙያዎች የቲሊሊን፣ የገሊላን፣ የደብረ ኤልያስን፣ የሜጫንና የጓንጓን ዶሮዎች በየአገራቸው ስም ለይተው መዝግበዋቸዋል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ለዘመናት ስም ያልወጣላት ፍጥረት በአገሯ ስም ለመጠራት በቅታለችና።

የሃይማኖቱን ነገር ሳያነሡ ስለዚህ ልማድ መናገር ጎዶሎ ይሆናል። የጎጃም ሰው ዶሮን የሚያያት ከቤተ ክርስቲያን በተማረው ዓይን ጭምር ነው። በሰሙነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ፣ በስምዖን ቤት ታርዶና ተሠርቶ በማዕድ የቀረበ ዶሮ፣ ጌታ በነካው ጊዜ ነፍስ ዘርቶ እንደ ተነሣ፣ ይሁዳንም ተከትሎ የተማከረውን ሰምቶ እያለቀሰ ተመልሶ እንደ ተናገረ ይተርካል። ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ወደ ንስሓ የመለሰው የዶሮ ጩኸት ነው። ጌታም ለኢየሩሳሌም ሲያዝን ራሱን የመሰለው ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች በምትሰበስብ ዶሮ ነው። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም በተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ደግሞ ጻድቁ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው፣ በጥም ልትሞት የደረሰች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ተሥላ ትታያለች። ይህን ሥዕል ከሕፃንነቷ ጀምራ እየተሳለመች ያደገች ሴት፣ የምትፈራ ወፍ ወደ ሰው የምትቀርበው ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆምላት መሆኑን ከሌላ መምህር መማር አያስፈልጋትም ነበር።

እንግዲህ ወደ ልማዱ እንግባ። ዶሮ ከገበያ የምትመጣው እግሯ በልጥ ወይም በገመድ ታስሮ፣ ራሷ ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ ብዙ መንገድ ከተጓዘች በኋላ ነው፤ ይህ አያያዝ ዛሬም አልቀረም፤ ሊቀር የሚገባው ክፉ ልማድ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልሻም። በጥሬ ገንዘብ የምትገዛዋ ዶሮ ሁለት ዓይነት ዕጣ አላት፤ አንደኛዋ ለበዓል የምትታረድ ስለሆነች ማንም ሊያላምዳት አይደክምም፤ ሁለተኛዋ ግን ለእርባታ የምትገዛው ቄብ ናት፤ ድካሙና ጥበቡ ሁሉ ለእርስዋ ነው። አስተዋይዋ ገዢ ዋጋው ርካሽ የሚሆንበትን ጊዜ ትመርጣለች፤ ያም ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፤ በ55ቱ ቀን ሥጋና እንቁላል የሚበላ ክርስቲያን ስለሌለ የዶሮ ዋጋ ይወርዳልና፤ ደግሞም በጾም የገባች ዶሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ከቢላዋ ፍርሃት ርቃ ቤቱን ለመልመድ ሰፊ ጊዜ ታገኛለች።

ቤት እንደ ደረሰች ወዲያው አትለቀቅም። አንድ እግሯ ከምሰሶው ወይም ከመደቡ አጠገብ በቀጭን ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ ወዲያ ወዲህ ለመራመድ የሚበቃ፣ ወደ እሳቱ ግን የማያደርስ ሆኖ ይለካል። ስፍራው ከምድጃው ብዙ የማይርቅ ሆኖ የሚመረጠው በአጋጣሚ አይደለም፤ እመቤቲቱ ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው በዚያ ስለሆነ፣ ዶሮዋ የእርሷን እግር፣ የእርሷን ድምፅ፣ የቤቱን ጢስና የቡናውን ሽታ ሳትወድም ቢሆን ስትሰማና ስታሸት ትውላለች። ዋናው ሕግ በመጀመሪያው ቀን አለመንካት ነው። ጥሬው ከሩቅ ይበተንላታል፤ ውሃው በገል ተደርጎ ይቀመጥላታል፤ ሰው ሲያያት ካልበላች ጀርባ ይዞርላታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጥሬው የሚወድቅበት ስፍራ ወደ እመቤቲቱ እግር ጥቂት በጥቂት ይቀርባል፤ መጋቢዋም አትለዋወጥም፤ ዛሬ እናት፣ ነገ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ሠራተኛ ቢያበሏት ማንንም ሳታውቅ ትቀራለችና፤ ስትበላም የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት፣ ዝቅተኛና ለስላሳ ነው፤ «እሽ» የሚለው የማባረሪያ ቃል በዚያ ሰሞን ከቤቱ ይጠፋል። ልጆች እንዳያሯሩጧት፣ ውሻም እንዳይቀርባት ብርቱ ትእዛዝ ይሰጣል። አንድ ጊዜ የተባረረች ዶሮ የሦስት ቀን ድካም ታጠፋለች።

ከዚህ የሚከብደው ግን ከሰው ጋር ሳይሆን ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ያለው ሥራ ነው። ነባሮቹ እንግዳይቱን ከጥሬው እያባረሩ ይወጓታል፤ እርስዋም ሌላውን ሁሉ ፈርታ ማዕዘን ይዛ ትቆማለች። ኖርዌያዊው ሊቅ ሽየልደሩፕ ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ የዶሮዎችን ጠባይ ሲመለከት ኖሮ፣ በየመንጋው ውስጥ ማን ማንን እንደሚወጋ የተወሰነ ሥርዓተ ማዕርግ መኖሩን በ1914 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም ሲገልጥ፣ ነገሩ እንደ አዲስ ግኝት ተቆጠረ፤ በእውነትም ትልቅ ግኝት ነው። የዳሞት እናት ግን ስሙን ሳታውቅ መድኃኒቱን ታውቀው ነበር፤ እንግዳይቱን ከነባሮቹ ጋር የምትቀላቅላት በቀን ሳይሆን ከመሸ በኋላ ነው። ዶሮ በጨለማ ማየት አይሆንላትምና፣ ሁሉም ቆጥ ላይ ወጥተው ጸጥ ካሉ በኋላ ገመዷን ፈትታ በእጇ አንሥታ ከመካከላቸው ታስቀምጣታለች፤ ሲነጋ አብረው ያደሩ ሆነው አብረው ይወርዳሉ። ጠቡ ፈጽሞ ባይቀርም ይቀንሳል። ጥሬውም በአንድ ስፍራ ሳይከመር በሰፊው ይበተናል፤ የበላይ ማዕርግ ያላት ዶሮ ሁሉን በአንድ ጊዜ ልትጠብቅ እንዳትችል።

ፈተናው የሚመጣው በተለቀቀች ቀን ነው። ገመዱ የሚፈታው ረፋድ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ብትሸሽ እንኳ ሩቅ ሳትሄድ ስለሚመሽባት። እርሷም በግቢው ውስጥ ጥቂት ጭራ፣ አጥሩን ተመልክታ፣ የሌሎቹን መንገድ ተከትላ፣ ማንም ሳይነዳት ወደ ቆጡ ከተመለሰች፣ ነገሩ አለቀ፤ ቤቷን አወቀች ይባላል። ይህን ቃል ስትናገር የእመቤቲቱ ፊት እንዴት እንደሚበራ ያየ ሰው፣ የዶሮይቱ ዋጋ በገበያ ከተከፈለው ብር ጋር እኩል እንዳልሆነ ያስተውላል።

የፍጹሙ መተማመን ምልክት ግን እንቁላል ነው። ቤቱን ያላመነች ዶሮ እንቁላሏን በጎረቤት ማሳ ወይም በአጥር ሥር ደብቃ ትጥላለች፤ በዚህ ምክንያት የተነሣው የጎረቤት ጠብ፣ የሽማግሌ ዳኝነት የጠየቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ቄቢቱ ለመጣል ስትደርስ፣ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ወይም አፉ የተሰበረ ማሰሮ በጨለማ ማዕዘን ይዘጋጅላታል፤ እንቁላሏም ሁሉ አይነሣም፤ አንዱ ሁልጊዜ በጎጆዋ ይቀርላታል። እርሱን ስታይ ስፍራዋ እንዳልተደፈረ አምና ትመለሳለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቡሬ ወረዳ የተደረገ ጥናት አንዲት የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል 60 ያህል መሆኑን ገልጧል፤ ቁጥሩ ከፈረንጅ ዶሮ አንጻር ሲታይ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን የአገር ዶሮ ከመጣል ሌላ የምትሠራው ሥራ አለ፤ ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ታሳድጋለች።

መታቀፍ በተነሣ ጊዜ ልማዱ እንግዳ መልክ ይይዛል። የታቀፈች ዶሮ፣ የቱንም ያህል ለማዳ ብትሆን፣ ላባዋን ነፍታ፣ እየጮኸች፣ ያሳደጋትን እጅ ሳይቀር የምትወጋ ጠላት ትሆናለች፤ ይህን የሚያውቁ እናቶች ጥሬዋንና ውሃዋን ከአጠገቧ አኑረው ዘወር ይላሉ እንጂ አይቀየሟትም። እንድትታቀፍ ካልተፈለገ ግን ፍላጎቷን ማስተው ያስፈልጋል። ለዚህም ከጥንት የቆዩ ዘዴዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እግሯን አስረው ወደ ታች ይሰቅሏታል፤ አንዳንዶቹም ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ያስገባሉ፤ እነዚህ ሁለቱ የጭካኔ ሥራዎች ናቸው፤ ያገኘችውን እምነት በአንድ ቀን የሚያፈርሱ ስለሆኑም ጥበብ ሊባሉ አይገባቸውም። ከሁሉ የሚሻለው ሦስተኛው ነው፤ ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ። በማታውቀው ቤት እንደ ገና እንግዳ ስትሆን፣ ቆጡና ሰዉ ሲለወጥባት፣ የመታቀፍ ሐሳቧ ይጠፋል። እንግዲህ እንግዳን ዶሮ ቤተኛ ማድረግን የሚያውቁት እናቶች፣ ቤተኛይቱን ዶሮ ለጊዜው እንግዳ ማድረግንም ለጥቅም ያውሉት ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም የሚፈልቁት ዶሮ ከስፍራና ከሰው ጋር ስላላት ትስስር ካላቸው አንድ እውቀት ነው። ይህን ያህል የጠለቀ አስተውሎት ያለ መጽሐፍ መገኘቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አውራው ዶሮ ሌላ ምዕራፍ ይሻል። የእጅ ሰዓት ወደ ገጠር ሳይገባ በፊት ሌሊቱን የሚከፍለው እርሱ ነበር፤ ካህኑ ለማኅሌት፣ የቆሎ ተማሪው ለቀለሙ፣ ነጋዴው ለመንገዱ፣ እመቤቲቱም ለወፍጮዋ የሚነሡት በዶሮ ጩኸት ነው። ነገር ግን ጥሩ ጩኸት ያለው አውራ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ነው፤ ሕፃናትን በእግሩ እሾህ ይመታል፤ እንግዳ ሰው ሲገባ ይዘልበታል። ልጆች በዱላ ሲመልሱለት ቁጣው ይብሳል፤ ዱላ ለእርሱ የሌላ አውራ ፍልሚያ መስሎ ይታየዋልና። ፈሊጡን የሚያውቅ ሰው በሁለት እጁ ክንፎቹን ሰብስቦ ያነሣዋል፤ በብብቱ አቅፎ ግቢውን እየዞረ ይቆያል፤ እስኪረጋ ድረስም አያወርደውም። ይህ ደጋግሞ የተደረገበት አውራ ከዚያ ሰው ጋር መጣላቱን ይተዋል፤ ከሌላው ጋር ግን ላይተው ይችላል።

አሁን ከጉዳዩ ሁሉ ወደሚከብደው እደርሳለሁ። እምነቷን የሰጠች ዶሮ መጨረሻዋ ምንድን ነው? ሕዝባችን ራሱ ይህን ጥያቄ አልሸሸውም፤ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው ተረት የተነገረው በሰው ለሚታለል ሰው ቢሆንም፣ መነሻው በዶሮዋ ላይ የተፈጸመው ነገር ነው። በ12 ብልት ተከፍላ፣ በቡሬ በርበሬ ተቁላልታ፣ ከእንቁላሏ ጋር የምትቀርበው ዶሮ ከቆጡ የወረደችው በአመነችው እጅ ተይዛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ላይ ልማደ አበው ያኖረው አንድ ሥርዓት አለ፤ ሴት አታርድም። በቤቱ ወንድ ከሌለ የጎረቤት ወንድ ይጠራል፤ እርሱም በስመ አብ ብሎ ይባርካል። የዚህ ሥርዓት ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ቢሆንም፣ ያስገኘው ውጤት ግን ጥሬ የምትበትነው እጅና ቢላዋ የሚይዘው እጅ እንዲለያዩ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ያላመዷት፣ ደጋግማ የፈለፈለች እናት ዶሮ አርጅታም ሳትታረድ ስትቆይ፣ ለበዓሉ ከገበያ ሌላ ዶሮ ሲገዛ ይታያል። ባለቤቶቹ ይህን ሲያደርጉ ስለ ርኅራኄ አይናገሩም፤ «ቤት የያዘች ናት» ብለው ያልፋሉ።

ስለ ወፍና ስለ ሰው መተማመን በጎጃም ምድር የተጻፈ ነገር ካለ፣ አንዱ ስለ ዶሮ ሳይሆን ስለ ማር መሪዋ ወፍ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት በዳሞት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ሰውን እየጠራች ማር ወዳለበት ዛፍ የምታደርስ ወፍ በኢትዮጵያ መኖሯን ጽፏል። በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን፣ ማር እንዲህ በተትረፈረፈበት አገር እንዲህ ያለ መሪ ምን ያስፈልጋል ብሎ ነገሩን ተቃወመ። በሰሜን ኬንያ በቦረናዎች መካከል ተደርጎ በ1981 ዓ.ም. የታተመው ምርምር በእርግጥ ወፏ ሰውን ወደ ቀፎ እንደምትመራ ስላረጋገጠ፣ የሎቦ ቃል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህች ወፍ ያልታሰረች፣ ያልተላመደች፣ በቆጥ ያላደረች ሆና ሳለች ከሰው ጋር ትተባበራለች፤ ዋጋዋም ከቀፎው የምታገኘው ሰም ነው። ዶሮዋ ግን ዱሯን ትታ ስለ መጣች፣ ከሰው የምትጠይቀው ከሰም የሚበልጥ ነው፤ ጥበቃ ትጠይቃለች። ሰማዩ የጭልፊት፣ ሌሊቱ የሸለምጥማጥ ነውና።

የፈረንጅ ዶሮ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ይህ ሁሉ ልማድ ተናወጠ። በ1940ዎቹ ዓመታት የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ከባሕር ማዶ ነጩን ሌግሆርን፣ ቀዩን ሮድ አይላንድና ሌሎችንም አስመጥተው ማራባት ጀመሩ፤ በኋላም በባሕር ዳር አጠገብ ካለው ከአንዳሳና ከሌሎችም ጣቢያዎች ለጎጃም ገበሬ ማከፋፈል ተለመደ። ቄቦቹ በብዛት ከመፈልፈያ ሣጥን የወጡ፣ እናት ያላዩ፣ ከተወለዱ ጀምሮ የሰው እጅ ያበላቸው ስለ ነበሩ፣ እመቤቲቱ ልታላምዳቸው አያስፈልጋትም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ እግሯ ይሮጣሉ። በዚህ ብዙዎች ተደሰቱ። ደስታው ግን አልቆየም፤ ሰውን የማይፈሩት ጭልፊትንም አልፈሩም፤ የአገር ዶሮ ገና ጥላው ሲያርፍ ጮኻ ጫጩቶቿን ስትሰበስብ፣ እነርሱ በሜዳ መካከል ቆመው ይጠባበቁ ነበር፤ ነጭ ላባቸውም ከሩቅ ያስታውቅባቸዋል። ስለዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት ፍርሃትን ማስወገድ ሥራዋ የነበረችው እናት፣ አሁን በተገላቢጦሽ ፍርሃትን የምታስተምር ሆነች፤ ቄቦቹን ከአገር ዶሮዎች ጋር አሰማርታ፣ የአገር ዶሮዋ ስትጮህ አብረው እንዲሸሹ እስኪለምዱ ድረስ በቅርብ ትጠብቃቸው ጀመር። እኔ እንደማምነው፣ የእርባታ ባለሙያዎች ስለ እንቁላል ቁጥር የደከሙትን ያህል ስለዚህ ነገር እናቶችን ቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ብዙ ኪሣራ በዳነ ነበር።

ሌላው የሚያስፈራው ፈንግል ነው። ይህ ደዌ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሲያደርገው፣ የአንዲት ቤት የብዙ ዓመት ድካም ይጠፋል፤ እንደ ጦርነቱ ዘመን ሁሉ ቤቱ ከእንግዳ ዶሮ እንደ ገና ይጀምራል። በሽታውን ወደ ቤት የምታስገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ የመጣችዋ ራሷ ናት። የእንስሳት ሐኪሞች አዲስ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ከነባሮቹ ተለይታ እንድትቆይ የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ በምሰሶ ሥር የማሰሩ ጥንታዊ ልማድ፣ ቀኑ አጭር ቢሆንም፣ ሳያውቀው ወደዚህ ምክር ቀርቦ ነበር፤ ዛሬ ያንን ቀን ማራዘምና ስፍራውን ከቆጡ ማራቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

በቢሾፍቱ የሚዘጋጀው ሙቀት የሚችለው የፈንግል ክትባት ወደ ገጠር ከደረሰ ወዲህም የማላመዱ ልማድ ያልታሰበ ጥቅም አግኝቷል። ክትባቱ በመርፌ ሳይሆን በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ ዶሮ ተይዛ፣ ራሷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ጠብታው እስኪሰርግ ድረስ ጸጥ ማለት አለባት። ያልተላመደች ዶሮ ባለችበት ቤት ባለሙያው በግቢው ሲያሯሩጥ ይደክማል፤ ግማሾቹም ሳይከተቡ በአጥር አልፈው ይሄዳሉ። በተላመዱት ቤት ግን ሥራው የሚፈጸመው ገና በማለዳ፣ በሩ ሳይከፈት ነው፤ እመቤቲቱ በለመዱት ድምፅ እየተናገረች አንድ በአንድ ከቆጡ ታወርዳቸዋለች፤ ባለሙያው ያንጠባጥባል፤ የተከተበችዋም በደጁ ወደ ተበተነው ጥሬ ትወርዳለች።